ሽማግሌ የላኩ ኮሌጆች

በ2068 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ጣሂር ዩሱፍ ቤት ሽማግሌ ገባ። ሰፈሩ ጉዳዩን ለመገመት አልተቸገረም። የጣሂር ልጅ ረውዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ውጤቷም የሚያኮራ ነው፤ እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ከኮሌጅ ናቸው። ለትዳር ሽማግሌ መላክ ከቀረ ቆይቷል። ተጋቢዎቹ ነገሩን ከጨረሱ በኋላ ለወላጅ በአጭር መልእክት ያሳውቃሉ፣ ወላጅም በአጭሩ ይመርቃል። ኮሌጅ ግን ያለ ሽማግሌ ተማሪ አያገኝም።

ይህ የሆነው ልጅ አንሶ ኮሌጅ ስለበዛ ነው። ማስታወቂያ እንዳይነገር ደግሞ ሰው ሁሉ ዓይኑ ላይ የሚያደርጋት መነጽር ባለቤቷ ያልጠየቀውን ነገር አጣርታ ታስቀራለች። ወደ ሰው ቤት የሚያስገባ መንገድ በር ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ኮሌጆቹ የድሮውን ደንብ ከነሥርዓቱ አነሱት። ሦስት ሰው ይመጣል፤ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ቤተሰቡ «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ ቀን ይቆርጣል፤ በቀጠሮው መልስ ይሰጣል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ የወላጅ አውራ ጣት ሳያርፍለት ስለማይመዘገብ፣ ልጅ ለብቻው «እሺ» ቢል ማንም አይሰማውም።

ረውዳ መማር የፈለገችው ፊልምና መገናኛ ብዙኃን ነው። ይህን ስትናገር ሰው ይስቃል። ክፋት የሌለው ሳቅ ነው፤ አንዲት ልጅ መተንፈስ መማር እፈልጋለሁ ብትል የሚሳቀው ዓይነት። «አቦ፣ ፊልም ምን ትምህርት አለው? መነጽርሽን አድርጊና እዪ!» ይሏታል። አልተሳሳቱም። ፊልም ማለት መነጽሯ ለባለቤቷ ብቻ በየቀኑ የምትሠራው ነገር ነው። ዋናው ተዋናይ ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ሳቁም ለቅሶውም በእሱ ልክ ይቆረጣል። በድሬ ሁለት ሰው አንድ ፊልም ካየ ሠላሳ ዓመት አልፏል። «ያንን ፊልም አየኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ የሰማው ሁሉ አሞት ይሆን ብሎ ያዝንለታል።

ጣሂር ቤት ምሳ ከተበላ በኋላ፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲነዳ፣ ሁሉም ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ መነጽሩን ያደርጋል። ጣሂር የከተማው የውሃ ፓምፕ ባለሙያ ነው። (በድሬ ወግ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ስለሚባል እኛም አንተ ብለነዋል፤ አንቱ ብንለው ይቀየመናል።) እስከ ቀትር ፓምፕ ሲጠግን ያረፍዳል፤ ከቀትር በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነው። እስከዚያ ሐምሌ ድረስ አሥራ አንድ የዓለም ዋንጫ አንሥቷል። የረውዳ እናት ፈጡም ደግሞ በራሷ ፊልም የፍርድ ቤት ዳኛ ናት። ረውዳ ስትጠራት «ችሎት ላይ ነኝ» ብላ እጇን ታወዛውዛለች።

ረውዳ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የራሷን መነጽር አውልቃ ተወችው። ፊልሟ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እሱ ነው፣ ሁሌ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያችን ሰዓት የእናት አባቷን ፊት እያየች ታሳልፋለች። አባቷ ጎል ሲገባ እንዴት እንደሚስቅ ታውቃለች። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሌላ ፈገግታም አለው፣ ለስለስ ያለ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ። እሱን ምን እንደሚያመጣው አታውቅም ነበር።

«አባ፣ ዛሬ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

«አሸነፍን።»

«ማንን?»

«ሁሉንም» አለ ጣሂር፣ ላቡን እየጠረገ።

ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ፊልም ወሬ የለውም። ረውዳ ፊልም ልማር ያለችው ለዚህ ነው፤ ከአባቷ ጋር አንድ ነገር አይታ ልትነታረክ።

የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች የዘመነ ምሥል ኮሌጅ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ነክቷቸው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ጣሂር «አቦ፣ ግባና ቁጭ በል!» ሲላቸው፣ ሰባ ዓመት ሙሉ ማንም «አንተ» ብሎት የማያውቀው ዋናው ሽማግሌ ትንሽ ደነገጠ፤ ሆኖም ሙያው ነውና ፈገግታውን አላጠፋም። «ልጃችሁን ለኮሌጃችን ብለን መጣን» አለ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ረውዳ ከቤቷ አትወጣም፣ እዚሁ ፍራሹ ላይ ሆና በመነጽር ትማራለች። ስትመረቅ ቀማሚ ትሆናለች፤ ቀማሚ ማለት ማን የት ላይ እንደሚያለቅስ፣ ማን የት ላይ እንደሚሰለች አውቆ የሰውን ፊልም የሚያጣፍጥ ባለሙያ ነው። ሥራው ከአሁኑ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ደንቡ እንደሚለው የኮሌጁን የእጅ ሥራ አሳዩ። ከረውዳ በቀር ሁሉም መነጽሩን አደረገ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣሂር አሥራ ሁለተኛ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ፈጡም አንድ ትልቅ ሌባ ላይ ፈርዳ ወጣች።

«እነዚህስ ያውቁበታል!» አለ ጣሂር።

ረውዳ ሽማግሌውን «ሁላችንም አብረን የምናየው ነገር አላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

ሰውየው ጥያቄው በእውነት አልገባውም። «ለአንዱ የተሰፋ ለሌላው ይጠባል፣ ልጄ» አለ በትሕትና። «ለምን ይጠቅምሻል?»

ሽማግሌዎቹ ለሐምሌ ሃያ ተቀጥረው ሄዱ፣ ጣሂርም ነገሩ ያለቀለት መስሎት እያፏጨ ወደ ፓምፑ ወጣ።

ሁለተኛዎቹ ሲመጡ በሩ ተንኳኳና ሲከፈት ሰው አልነበረም። ደጃፉ ላይ አንዲት ትንሽ ባለ ጎማ ሣጥን ቆማ «መነጽራችሁን አድርጉልኝ» አለች። ሲያደርጉ ሦስት ሽማግሌ በሩ ላይ ታዩ፣ ጢማቸው አንድ ዓይነት፣ ከዘራቸው አንድ ዓይነት። በአርባ ቀን ዲግሪ እንሰጣለን አሉ፤ ተማሪዋ ምንም መድከም የለባትም፣ ፊልሟንም ኮሌጁ ይሠራላታል። ፈጡም እንግዳ ነውና ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ብርጭቆውን ሳይነኩ «እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥተን አናውቅም» ብለው አመሰገኑ።

ጣሂር መነጽሩን አወለቀ። «ጥላ ነው የላኩብኝ? ለእኔ ልጅ?» አለ፣ ሣጥኗንም ራሱ አንሥቶ መንገድ ላይ አስቀመጣት። እዚያ ላይ ረውዳና አባቷ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ሐምሌ ሃያ አንድ ድረስ አልተስማሙም።

ሦስተኛዎቹ ከጎሬ ናቸው። ከሩቁ ኢሉባቦር በባቡርና በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የመጡት። ኮሌጁ ሁለት መማሪያ ክፍልና አርባ ተማሪ ነው ያለው። ሦስቱም የጎሬን ዝናብ ሲሸሹ የለበሱትን ወፍራም ካፖርት እንደለበሱ ድሬ ገብተው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። ከፊት የቆመው ጋሽ ዋቅጅራ የሚባል መምህር ነው፤ ሌሎቹ አንዲት አስተማሪና አንድ ዝምተኛ ሰው።

«አቦ፣ አውልቀው፣ ልትሞት ነው!» አለው ጣሂር።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ አናወልቅምም» አለ ጋሽ ዋቅጅራ። ቆሞ ተናገረ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፤ እዚያው ጎሬ ተኖሮ ነው። መነጽር ከግቢው በር አያልፍም። ተማሪዎቹ ሰው እየለመኑ፣ እየቀረጹ፣ እየቆረጡ ፊልም ይሠራሉ፤ የሠሩትንም ሌላ ሰው አብሮ ተቀምጦ ያየዋል።

«ስትመረቅስ ምን ትሆናለች?» አለ ጣሂር።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አናውቅም» አለ ጋሽ ዋቅጅራ።

ጣሂር ወደ ረውዳ ዞሮ በዓይኑ «ሰማሽ?» አላት። ረውዳ ግን ሽማግሌው ከቦርሳው የሚያወጣውን ነጭ ጨርቅና ትንሽ ማሳያ መሣሪያ እያየች ነበር።

ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፈነ። በቀን ብርድ ልብስ መስኮት ላይ ሲሰቀል ያየ ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ፤ ወይዘሮ ዘሀራ ከነልጆቿ፣ የማዶው ጫማ ሰፊ፣ ሌሎችም። ቤቱ ሞላ፣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ሆነ። ቀጥሎ ያልታሰበ ችግር መጣ። ሰዎቹ እንደለመዱት ፊት ለፊት ተያይተው ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ግማሾቹ ጀርባቸውን ለጨርቁ ሰጥተዋል። ጋሽ ዋቅጅራ «ሁላችሁም ወደ ግድግዳው ዙሩ» ሲል ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ለሰው ጀርባዬን አልሰጥም» አለች ወይዘሮ ዘሀራ። «ከኋላዬ ጣሂር ተቀምጧል፣ ነውር ነው።»

«ይሁን፣ ፈቅጄልሻለሁ» አለ ጣሂር።

«አንተ ብትፈቅድ ፈጡምስ?»

ፈጡምም ፈቀደች። ከፊት የሚቀመጡት ከኋላ ያሉትን «አፉ በለን» እያሉ፣ አንድ በአንድ ይቅርታ እየተጠያየቁ ለመዞር ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

ፊልሙ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ኮቱን አስቀምጧል። የገባ ሁሉ «ሰው አለው?» ይላል፤ እሱም «አለው» ይላል። አውቶቡሱ ሞልቶ ተነሣ፣ ሰው ቆመ፣ ረዳቱ ተቆጣ፣ ሰውየው «አለው» እንዳለ ነው። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የረጠበች አሮጊት ገባች። ሰውየው ምንም ሳይናገር ኮቱን አነሣ። አሮጊቷም ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አለቀ።

ፊልሙ ሲጀመር ጣሂር ቀና ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ወደ ረውዳ ጠጋ አለ። «እኔ የት ላይ ነው የምገባው?»

«አትገባም፣ አባ።»

«እንዴት አልገባም? ሹፌሩ ነኝ?»

«አይደለህም። ዝም ብለህ እይ።»

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ጣሂር መጠበቁን ተወ። አሥረኛው ላይ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ብርድ ልብሱ ተነሥቶ ብርሃን ሲገባ ማንም ምን እንደሚባል አላወቀም። ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ፊት ሰረቅ አድርገው ያያሉ።

«ምስኪን፣ አዘነላት» አለ ጣሂር መጨረሻ ላይ። «ደግ ሰው ነው።»

«ምን አዘነላት ትላለህ? ሚስቱ ናት!» አለች ፈጡም። «አኩርፋ ወጥታ ነው። የሚጠብቃት የት እንደምትገባ ስለሚያውቅ ነው።»

«ሚስቱ? እሷ አያቱን ታህላለች!»

«እናቱ ናት» አለች ወይዘሮ ዘሀራ።

«እንዴት እናቱን ሰላም አይልም?» አለ ጣሂር።

«የእኔ ልጅ መቼ ነው ሰላም የሚለኝ?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመዘገብ ይከብዳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተናገረ። የጎሬዎቹ ሽማግሌዎች ለሐምሌ ሃያ አንድ ተቀጥረው ሲወጡ የሸኛቸው አንድም ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ሙሉ ይጨቃጨቃል። ክርክሩ በማግስቱ ወደ ጫማ ሰፊው ደጃፍ ተሻገረ፣ በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ያላየው ሰው ሳይቀር ወገን ለይቶ ነበር። «ሚስቱ» የሚሉት «ያዘነላት» ከሚሉት ጋር ሱቅ በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሳይጨርሱ ይጀምራሉ። ለሁለት ትውልድ ያህል ዝም ብሎ ሲሸጥ የኖረው ባለሱቅ፣ በሕይወቱ እንደዚህ ሳምንት ተናግሮ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ግን የረውዳ ጉዳይ ሌላ ነው። «ጎሬ እሄዳለሁ» አለች።

«ጎሬ አትሄጂም» አለ ጣሂር። «ስምንት ወር ይዘንባል፣ ሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ሥራው አይታወቅም። እዚሁ ሆነሽ ቀማሚ ትሆኛለሽ፣ አጠገቤ።»

«ፊልሙን አልወደድከውም?»

«ሌላ ነው እሱ። ሰውየው አዝኖላት ነው፣ አበቃ።»

«ተሳስተሃል፣ አባ። ኮቱን ሲያነሣ እጁን አይተኸዋል? አልቸኮለም። የማያውቃት ሰው ብትሆን ይቸኩል ነበር።»

ጣሂር እጁን አላየውም ነበር። ይህ ነገር አብግኖት ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጠ፤ እንዲህም ሆኖ አውራ ጣቱን ለጎሬ እንደማይሰጥ በነጋታው ደግሞ ተናገረ። ረውዳ ከክፍሏ ሳትወጣ ዋለች። በእውነት ፈርታ ነበር። ምዝገባው ሐምሌ ሃያ አንድ ማታ ይዘጋል፤ አባቷ እምቢ ካለ ሦስት ዓመት ፍራሽ ላይ ተኝታ ሰው የት ላይ እንደሚያለቅስ ትቆጥራለች።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጣሂር ለብዙ ቀን ያላነሣውን መነጽር አደረገ። አምስት ደቂቃ አልቆየም። አውልቆ ግቢ ወጣና ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ረውዳ በመስኮት አይታው ተከትላው ወጣች። እንዲህ ግንባሩን ቋጥሮ ከመነጽር ሲወጣ አይታው አታውቅም።

«ተሸነፋችሁ?» አለችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂብኝ» አለ። «እዚያ ፊልሜ ውስጥ አንቺ አለሽ።»

«እኔ?»

«የስምንት ዓመቷ አንቺ። ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ትገባለች፣ ሮጣ ትመጣና ጭኔ ላይ ትቀመጣለች። ስሟም ረውዳ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ስምንት ዓመቷ ነው።»

ረውዳ ያንን ለስላሳ ፈገግታ አሁን ገባት። ገብቷትም ደስ አላላትም፤ በገዛ ራሷ ቀናች። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ፊቱን ስታይ፣ እሱ እዚያ ውስጥ ሌላይቱን አቅፎ ነበር።

«ዛሬ ስለ አውቶቡሱ ሰውዬ ጠየቅኋት» አለ ጣሂር። «አዝኖላት ነው አይደል? አልኳት። ‘አዎ አባ፣ አዝኖላት ነው’ አለች። ቆየሁና፣ ምናልባት እናትሽ እውነቷን ይሆናል፣ ሚስቱ ትሆናለች አልኳት። ‘አዎ አባ፣ ሚስቱ ናት’ አለች። እጁንስ አየሽው? አልኳት። ‘አንተ እንዳየኸው ነው ያየሁት’ አለች።» ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ፈራኋት። አሥር ዓመት ሙሉ ለካ ብቻዬን ነበርኩ።»

ረውዳ አጠገቡ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ‘ተሳስተሃል’ አልሽኝ» አለ ጣሂር። «ተናድጄ አልተኛሁም። ደስም አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው። አሁን አንቺን ጎሬ ልኬ ከእሷ ጋር ልቀር ነው?»

«አላውቅም፣ አባ። ከእማ ጋር መጨቃጨቅ ትችላለህ።»

«እሷን ማን ይችላታል!» አለና ሳቀ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። እሺም እምቢም አላለም። ረውዳም አልጠየቀችውም፣ ብትጠይቀው እምቢ ይለኛል ብላ ስለፈራች።

ሐምሌ ሃያ የአዲስ አበባዎቹ በክብር ተሸኙ። ጣሂር «አቦ፣ አትቀየመኝ፣ ፊልምህ ይጣፍጣል፣ ግን አንጣላበትም» ብሎ ዋናውን ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በማግስቱ ከቀትር በፊት የጎሬዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። በዚህኛው ጊዜ ካፖርታቸውን ትተው መጥተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር።

«መልስ ልንሰማ መጣን» አለ ጋሽ ዋቅጅራ።

ጣሂር መጀመሪያ ረውዳን አየ፣ ቀጥሎ ፈጡምን፣ ከዚያ ጋሽ ዋቅጅራን። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ሰውየው ያውቃታል ወይስ አያውቃትም?»

«እኔ አያውቃትም ባይ ነኝ» አለ ጋሽ ዋቅጅራ። አስተማሪዋ ከጎኑ «ታዲያ እንዴት አያውቃትም?» ስትል፣ ዝምተኛው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር አልተስማማንም» አለ።

ጣሂር ሦስቱንም ተመለከታቸው። «ሰጥተናል» አለ።

ወይዘሮ ዘሀራ እልል አለች፣ ፈጡም ደግሞ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ለልጇም ለራሷም፣ ደስ ብሏትም ከፍቷትም። ጋሽ ዋቅጅራ የምዝገባውን ሰሌዳ አውጥቶ ለጣሂር ዘረጋለት፣ ጣሂርም አውራ ጣቱን አሳረፈ።

«አንድ ይቀራል» አለ ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ረውዳ ዞሮ። «ኮሌጃችን የሚገባ ሁሉ የአንድ ሰው ስም ያስመዘግባል። አንደኛ ተመልካች እንለዋለን። የምትሠሪውን ሁሉ ያያል፣ ያለ መነጽር፣ ያየውንም ሳይደብቅ ይነግርሻል። ብዙዎቹ ጓደኛቸውን ይጽፋሉ። ሲቆይ ግን ጓደኛ ይሉኝታ ይይዘዋል። አስበሽ ጻፊ።»

ረውዳ አላሰበችም። ጽፋ ሰሌዳውን ለአባቷ አዞረችለት። ጣሂር የራሱን ስም አነበበ።

«ካልወደድኩትስ?» አለ።

«ትነግረኛለህ።»

«ዋሽቼ ላስደስትሽ አልችልም፣ ረውዳ። ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ለዚህ ነው የጻፍኩህ።»